ቸኮሌትንና ኬክን ቀምሶ ስለ መመዘን
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የተዘጋጀ ትምህርት

ጨርቅ የሚነግድ ሰው ጣቃውን ዘርግቶ በጣቱ ሳይዳስስ፣ እህል የሚነግድ ሰው ፍሬውን በጥርሱ ሳይሰብር፣ ቅቤ የሚነግድ ሰው ሳያሸት ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴም ቢሆን ስኒው ተቀምሶ ደረጃው ካልታወቀ በቀር ዋጋ አይቈርጥም። ወደ ጣፋጭ ነገር ንግድ ሲደረስ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚዘነጋበት ጊዜ ብዙ ነው። የአምራቹ ወኪል በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ይዞ ይመጣል፤ አስመጪው አንድ ቍራሽ ይጐርሳል፤ «ጣፋጭ ነው» ይላል፤ ትእዛዙም ይፈረማል። ከወራት በኋላ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ፊቱ ዐመድ የነፋበት መስሎ፣ አፍ ውስጥም እንደ አሸዋ ሻክሮ ቢገኝ፣ «የቀመስሁት እንዲህ አልነበረም» ማለት ምንም አይጠቅምም፤ የቀመሰው ምን እንደ ነበረ በጽሑፍ አልተቀመጠምና።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ይኸውም «ወደድሁት» ማለትና «ጥሩ ዕቃ ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና፣ ለነጋዴ የሚጠቅመው ቅምሻ በነጥብ ተጽፎ የሚቀመጥ፣ ሁለተኛም ጊዜ ሊደገም የሚችል ቅምሻ ብቻ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለው ቅምሻ ዕቃው መበላሸቱን ከመናገር አልፎ፣ ጥፋቱ የአምራቹ ይሁን የአጓጓዡ ለይቶ ያመለክታል።

1ኛ፤ ከቡና ንግድ የሚገኝ ትምህርት

የኢትዮጵያ ነጋዴ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በአገሪቱ የቡና ደረጃ ሲወጣ ከ100 ነጥብ ውስጥ 40ው ለጥሬው ቡና መልክና ጕድለት፣ 60ው ለስኒው ጣዕም ይሰጣል። ቀማሹ የሚቀርብለት ቡና የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ በምልክት ቁጥር ብቻ እየለየ ይቀምሳል። ቡናውን የሚገዛው የውጭ አገር ነጋዴም ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ናሙና ያስልካል፤ ቀምሶም ይስማማል። ዕቃው ሲደርስለት ደግሞ እንደ ገና ይቀምሳል፤ የደረሰው ከናሙናው ያነሰ ሆኖ ካገኘውም ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል።

እንግዲህ ላኪው ዘወትር የሚመዘንበት ሚዛን ይህ ከሆነ፣ አስመጪው ከውጭ የሚያስገባውን ቸኮሌት በዚሁ ሚዛን የማይመዝንበት ምክንያት የለም። ካካዎና ቡና በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በምድር ወገብ ዙሪያ ባሉ አገሮች የሚበቅሉ የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። የካካዎው ፍሬ ከወፍራም ቅርፊቱ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ቀኖች እንዲብላላ ይደረጋል፤ ይደርቃል፤ ይቈላል፤ ይፈጫል። ሲብላላ ወይም ሲቈላ የተፈጸመ ስሕተት ሁሉ በመጨረሻው ጣዕም ላይ ይታወቃል። ስለዚህም የቡና ቀማሽ ምላስ ለቸኮሌት ብዙ የሚቀረው ነገር የለም፤ የሚቀረው የዕቃውን ባሕርይ ማወቅ ነው።

2ኛ፤ የቸኮሌት ባሕርይ

የካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ይህም ቅባት የካካዎ ቅቤ ይባላል። የዛሬው የቸኮሌት ንግድ የተመሠረተው ይህን ቅቤ ከዱቄቱ በመለየት ጥበብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 በኔዘርላንድ አገር የቫን ሃውተን ቤተ ሰብ ቅቤውን ጨምቆ የሚያወጣ መኪና አስመዘገበ። በ1847 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የፍራይ ኩባንያ ቅቤውን ከካካዎና ከስኳር ጋር መልሶ በማዋሐድ የሚበላ ደረቅ ቸኮሌት ሠራ። በ1875 የስዊስ ተወላጅ የሆነው ዳንኤል ፔተር ወተት ጨመረበት፤ በ1879 ደግሞ ሮዶልፍ ሊንት በበርን ከተማ ቸኮሌትን ለረጅም ሰዓት እያሸ የሚያለሰልስ መኪና አወጣ። ከዚያ በፊት ቸኮሌት በአብዛኛው የሚጠጣ ነገር ነበር።

ነጋዴው ከሁሉ ይልቅ ሊያስታውሰው የሚገባው የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መቅለጡን ነው። የሰው አፍ ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ መልካም ቸኮሌት በጠረጴዛ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፤ አፍ ሲገባ ግን ያለ ማኘክ ይቀልጣል። የቸኮሌት ክብሩም ችግሩም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አፍን ደስ የሚያሰኘው ባሕርይ በወደብ ላይ ዕቃውን የሚያጠፋው እሱ ራሱ ነውና።

የካካዎ ቅቤ ሲረጋ 6 ዐይነት ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። ከነዚህም ውስጥ ቸኮሌትን የሚያብረቀርቅና ሲሰበር ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ እንዲሆን የሚያደርገው 5ኛው ነው። ባለሞያው ይህን ቅርጽ ለማግኘት ቸኮሌቱን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ያቀልጠዋል፤ ወደ 27 ወይም ወደ 28 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ጥቁር ቸኮሌት ከሆነ እንደ ገና ወደ 31 ወይም ወደ 32 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። በመንገድ ላይ ቀልጦ በራሱ ጊዜ የረጋ ቸኮሌት ግን ይህን ሥርዐት አላገኘም፤ ስለዚህ መልኩን ያጣል።

የዕቃውን ስም ማወቅም ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው መመሪያ መሠረት ቸኮሌት የሚባለው ቢያንስ 35 በመቶ ደረቅ ካካዎ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህም ውስጥ 18 በመቶው የካካዎ ቅቤ መሆን አለበት። የወተት ቸኮሌት ቢያንስ 25 በመቶ ደረቅ ካካዎና 14 በመቶ ደረቅ ወተት፣ ነጭ ቸኮሌት ደግሞ ቢያንስ 20 በመቶ የካካዎ ቅቤ ሊኖረው ግድ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ለወተት ቸኮሌት የተፈጨ ካካዎ 10 በመቶ ከኖረው ይበቃል። እንግዲህ ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ስም ቢጠሩም ውስጣቸው አንድ ላይሆን ይችላል።

ከነዚህ ሌላ የካካዎ ቅቤው ቀርቶ በዘንባባ ወይም በኮኮናት ዘይት የሚሠራ፣ ቸኮሌት የሚመስል ዕቃ አለ። ይህ ዕቃ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን በምላስ ላይ ሰም ሰም ይላል። በጥቁርና ውብ መጠቅለያ ከተሸፈነ በዐይን ብቻ መለየቱ ያስቸግራል። ይህ ጉዳይ በተለይ ከ2024 ወዲህ ከባድ ሆኗል። ከዓለም የካካዎ ምርት ከግማሽ የበለጠውን የሚያቀርቡት ኮትዲቯርና ጋና በአየር ጠባይና በዛፍ በሽታ ምክንያት ምርታቸው ስላነሰ፣ በ2024 በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ ከ12,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በ2025 ዋጋው ዝቅ ቢልም፣ በውድነቱ ጊዜ አንዳንድ አምራቾች የካካዎውን መጠን ቀንሰው ሌላ ቅባት ጨምረዋል። በእንግሊዝ አገር በሰፊው የታወቁ ብስኩቶች በዚሁ ምክንያት በ2025 «ቸኮሌት» የሚለውን ስም ትተው «የቸኮሌት ጣዕም ያለው» ለመባል ተገደዋል። አስመጪው ለብዙ ዓመት የሚያውቀው ዕቃ መጠቅለያው ሳይለወጥ ውስጡ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ ይረዳል።

3ኛ፤ ለቅምሻ የሚደረግ ዝግጅት

ቀማሹ ከቅምሻው በፊት ላንድ ሰዓት ያህል ቡና፣ ሲጋራና በርበሬ የበዛበት ወጥ ቢተው መልካም ነው። ሽቶ መቀባትም ሆነ ሽታ ያለው ሳሙና መጠቀም አይገባውም። ቸኮሌቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው አይቀመስም፤ ብርድ ጣዕምን ይደብቃልና። 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቈይ። በየናሙናው መካከል አፍ በለብታ ውሃ ይታጠባል፤ ያለ ጨው የተጋገረ ዳቦም ቢገኝ ቍራሽ ይበላል። በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ናሙና በላይ መቅመስ ምላስን ያደክማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ስሙንና ዋጋውን መደበቅ ነው። በቅምሻው የማይካፈል አንድ ጸሐፊ ወይም ሠራተኛ መጠቅለያውን አውልቆ፣ ቍራሾቹን እኩል ቈርጦ፣ በየሳሕኑ ላይ 417 ወይም 286 እንደሚል ያለ ቁጥር ይጽፋል። የቁጥሩን ምስጢር እሱ ብቻ ይይዛል። የታወቀ ስም ያየ ቀማሽ ምላሱ የስሙ ምስክር ይሆናል፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሰማም እንዲሁ። ቀማሾቹም ነጥባቸውን ጽፈው እስኪያስረክቡ ድረስ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩ። የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ «ይህስ ግሩም ነው» ያለ እንደ ሆነ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ግሩም ነው ማለታቸው አይቀርምና።

እንዲሁም ዕቃ የሚመዘነው ከወገኑ ጋር ነው። ጥቁሩ ከጥቁር፣ የወተቱ ከወተት ጋር ይወዳደር። የወተት ቸኮሌትን ከጥቁሩ ጋር አሰልፎ «ይህ ይመራል» ማለት ፍርድ አይባልም።

4ኛ፤ በየስሜት ሕዋሱ የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ ዐይን ይመረምራል። መልካም ቸኮሌት ገጹ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙም አንድ ወጥ ነው። ፊቱ ላይ ንጣት ከታየ ምክንያቱ ይመርመር። ንጣቱ በሞቀ ጣት ሲያሹት የሚጠፋና የሚያወዛ ከሆነ፣ ቅባቱ ቀልጦ እንደ ገና የረጋ ነው፤ ይህም የሙቀት ምልክት ነው። ንጣቱ ደረቅና ሻካራ ሆኖ ሲያሹት የማይጠፋ ከሆነ ግን፣ እርጥበት ስኳሩን አሟሙቶ በገጹ ላይ ያደረቀው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከብርድ ወደ ሙቀት በድንገት ሲወጣ የሚደርስ ነው። ሁለቱም ጤና አይጐዱም፤ ነገር ግን ዕቃው ሲጓዝ ወይም ሲቀመጥ የደረሰበትን ይመሰክራሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ጆሮ ይሰማል። በደንብ የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ሲሰበር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስብራቱም ንጹሕ ነው። የወተት ቸኮሌት ድምፁ ከዚህ የለሰለሰ ነው። የሚታጠፍ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ጕድለት አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ አፍንጫ ያሸታል። ቍራሹን በመዳፍ ሸፍኖ ጥቂት ማሞቅ መዓዛውን ያወጣዋል። የሚፈለገው የተቈላ ካካዎ፣ የፍራፍሬ፣ የለውዝ ወይም የወተት መዓዛ ነው። የጢስ፣ የሻጋታ፣ የሳሙና ወይም የቅመም ሽታ ግን ነውር ነው። ቸኮሌት በአጠገቡ ያለውን ሽታ ስለሚስብ፣ በመጋዘን ከበርበሬ፣ ከሳሙናና ከነዳጅ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ደረቅና ጨለማ ስፍራ ይስማማዋል።

በአራተኛ ደረጃ ምላስ ይፈርዳል። ቍራሹ ሁለት ጊዜ ያህል ይታኘክና በምላስና በላንቃ መካከል እንዲቀልጥ ይተዋል። ቀማሹ ሦስት ነገር ይከታተላል፤ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ምን ምን እንደሚል፣ ከተዋጠም በኋላ የሚቀረው ጣዕም ምን እንደ ሆነ። ቶሎና በልስላሴ የሚቀልጠው የካካዎ ቅቤ ነው፤ በላንቃ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ሌላ ቅባት ሊሆን ይችላል። ምሬት ብቻውን ጕድለት አይደለም፤ ከኮምጣጣነቱና ከጣፋጭነቱ ጋር የተመጣጠነ ምሬት የጥቁር ቸኮሌት ጌጡ ነው። የተቃጠለ ነገር ምሬት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ስኳሩ ብቻ ጐልቶ ካካዎው የማይታወቅ ከሆነም ገዢው በቸኮሌት ዋጋ ስኳር እየገዛ ነው።

5ኛ፤ ነጥብ አሰጣጥ

እያንዳንዱ የንግድ ቤት ለራሱ የሚስማማ ሰንጠረዥ ሊያወጣ ይችላል። ለአብነት ያህል ከ100 ነጥብ 15 ለመልክ፣ 10 ለስብራት፣ 20 ለመዓዛ፣ 20 ለአቀላለጥ፣ 25 ለጣዕም፣ 10 ከተዋጠ በኋላ ለሚቀረው ጣዕም ቢሰጥ መልካም ነው። የነጥቡ አከፋፈል አንድ ጊዜ ከተወሰነ ግን በየጊዜው አይለወጥ፤ ዛሬ የተሰጠው 80 ነጥብ ካመት በኋላም ያው ዋጋ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ከነጥቡ ጐን ደግሞ ምክንያቱ በአጭር ቃል ይጻፍ። «ጥሩ» ማለት ምንም አይናገርም፤ «ቶሎ ይቀልጣል፤ የለውዝ መዓዛ አለው፤ መጨረሻው ጥቂት ይኮመጥጣል» ማለት ግን ካመት በኋላም ይነበባል።

ዋጋው የሚገለጠው ነጥቡ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው «ዕቃው ምን ያህል ጥሩ ነው?» የሚል ነው፤ መልሱም ነጥቡ ነው። ሁለተኛው «ለደንበኞቼ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው፤ ይህን ደግሞ የሚመልሰው ገበያው ነው። ለትምህርት ቤት ሰፈር ሱቅ 65 ነጥብ ያገኘ ርካሽ ዕቃ ትክክለኛው ግዢ ሊሆን ይችላል። በዘይት የተሠራውም በሞቃት ከተማ የራሱ ጥቅም አለው። የሚያስነውረው ርካሹን ዕቃ መሸጥ አይደለም፤ በውዱ ስምና በውዱ ዋጋ መሸጡ ነው።

6ኛ፤ ናሙናና የደረሰው ዕቃ

የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ወኪሉ የሚያመጣው ናሙና አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን፣ በእጅ ቦርሳ የመጣ ነው። ጭነቱ ግን በመርከብ ወደ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በዚያም በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀልጥ ከላይ ተገልጿል። ስለዚህ ናሙናውን ቀምሶ ጭነቱን ማመን አይቻልም።

ጠንቃቃ አስመጪ ትእዛዝ ሲሰጥ ከተቀመሰው ናሙና ጥቂቱን አሽጎ፣ ቀን ጽፎ፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ያስቀምጣል። የነጥቡን ወረቀት ከውሉ ጋር ያያይዛል። ጭነቱ ሲደርስ ከላይኛውም፣ ከመካከለኛውም፣ ከታችኛውም ካርቶን እያወጣ፣ በበር አጠገብ ካለውም ከውስጥ ካለውም እየወሰደ በዚያው ሰንጠረዥ ያስቀምሳል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ናሙናው ለመልክ 13፣ ለስብራት 9፣ ለመዓዛ 16፣ ለአቀላለጥ 17፣ ለጣዕም 20፣ ለሚቀረው ጣዕም 8፣ በድምሩ 83 ነጥብ አግኝቶ ነበር እንበል። የደረሰው ዕቃ ግን ለመልክ 6፣ ለስብራት 5፣ ለመዓዛ 15፣ ለአቀላለጥ 10፣ ለጣዕም 19፣ ለሚቀረው ጣዕም 7፣ በድምሩ 62 ነጥብ አገኘ። የጐደለው 21 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 18ቱ የጐደሉት በመልክ፣ በስብራትና በአቀላለጥ ነው፤ እነዚህም ሙቀት የሚያበላሻቸው ናቸው። መዓዛውና ጣዕሙ ግን እምብዛም አልተለወጡም። እንግዲህ አምራቹ የላከው ያንኑ ዕቃ ለመሆኑ ምልክት አለ፤ ጥፋቱ በመንገድ የደረሰ ይመስላል፤ አቤቱታውም ለአጓጓዡና ለመድን ድርጅቱ ይቀርባል ማለት ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ መልኩና ስብራቱ ደኅና ሳሉ መዓዛውና ጣዕሙ ወርደው ቢገኙ ግን፣ የአሠራሩ መጠን ሳይለወጥ አልቀረም፤ ጥያቄው ለአምራቹ ይቀርባል። «ጣፋጭ ነው» ብሎ የፈረመ ነጋዴ ይህን ሁሉ ሊለይ አይችልም።

ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ቀማሾቹ ሲጠራጠሩ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። ለእያንዳንዱ ቀማሽ 3 ቍራሽ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ ከናሙናው፣ አንዱ ከደረሰው ዕቃ፣ ወይም በግልባጩ ይሆናል። ተራቸውም ለየቀማሹ ይለዋወጣል። ቀማሹ «የቱ ነው ልዩው?» ተብሎ ይጠየቃል። በግምት የሚመልስ ሰው ከ3 አንድ ጊዜ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ከ5 ቀማሾች 4ቱ ቢለዩት፣ ይህ በግምት ብቻ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 5 አይሞላም። ስለዚህ ልዩነቱ በእውነት አለ ለማለት ይቻላል። አምስቱም ተለያይተው ቢመልሱ ግን ነጋዴው በጥርጣሬ ብቻ ወደ ክርክር ባይገባ ይሻለዋል።

በውሉም ውስጥ ዕቃው ሙቀቱ በተወሰነ ኮንቴይነር እንዲጫን፣ የመንገዱን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያም አብሮ እንዲገባ ማስጻፍ ጠቃሚ ነው። የምላስ ምስክርነትና የመሣሪያው መዝገብ ሲስማሙ ክርክሩ ይቀላል።

7ኛ፤ ስለ ኬክ

ኬክ ከቸኮሌት የሚለየው ዕድሜው አጭር በመሆኑና፣ ከተሸጠበት ስፍራ አጠገብ የሚጋገር በመሆኑ ነው። ስለዚህ አስመጪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኬኩን ሳይሆን የካካዎ ዱቄቱን፣ የተዘጋጀውን የኬክ ዱቄትና ለክሬም የሚሆነውን ቅባት ነው። እነዚህም የሚመዘኑት ተጋግረው ነው።

ለኬክ ከ100 ነጥብ 15 ለመልክና ለአቈራረጥ፣ 25 ለውስጡ አሠራር፣ 20 ለርጥበቱ፣ 25 ለቸኮሌቱ ጣዕም፣ 15 ለክሬሙ ሚዛን ቢሰጥ ይስማማል። ኬኩ በስለታም ቢላዋ ሲቈረጥ መፈርፈር የለበትም፤ ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ጥቃቅንና እኩል ይሁኑ፤ በጣት ጫን ሲሉት ተመልሶ ይነሣ። ክሬሙ ብቻውን፣ ኬኩም ብቻውን፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ይቀመሱ። ብዙ ጊዜ ደረቅ ኬክ በክሬም ብዛት ይሸፈናልና።

በቀለም መፍረድ በኬክ ላይም ያሳስታል። በአልካሊ የታከመ የካካዎ ዱቄት በጣም ይጠቍራል፤ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የጠቈረ ኬክ ሁሉ ካካዎ የበዛበት አይደለም። ካልታከመው ዱቄት ጋር ሶዳ ሲጠቀሙ የዱቄቱ ኮምጣጣነት ኬኩ እንዲነሣ ስለሚረዳ፣ ጋጋሪው አንዱን ዱቄት በሌላው ቢለውጥ ኬኩ ሊበላሽበት ይችላል። ባለሱቁም የትኛውን እንደሚሸጥ ለጋጋሪው ሊነግረው ይገባል።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ከዚህ ሌላ ሊያስብበት የሚገባው የአገሩን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በኬኩ ውስጥ ያለው አየርም አብዝቶ ይነፋል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተዘጋጀ የኬክ ዱቄት እዚህ ሲጋገር በመጀመሪያ ይነሣና በኋላ መካከሉ ይሰምጣል፤ ይደርቃልም። መጋገሪያ ዱቄቱንና ስኳሩን ጥቂት መቀነስ፣ ፈሳሹን መጨመር ይረዳል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላትና ሞቃት ስለ ሆነች ችግሩ ሌላ ነው፤ በዚያ የሚያስቸግረው በቅቤ የተሠራ ክሬም መቅለጡ ነው። እንግዲህ የኬክ ዱቄት የሚያስመጣ ሰው ናሙናውን በሚሸጥበት ከተማ አስጋግሮ ማስቀመስ ይገባዋል እንጂ፣ በአምራቹ አገር የተጋገረውን ቀምሶ መፈረም የለበትም።

የደንበኛውን ሥርዐትም ማወቅ የንግዱ ክፍል ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀኖችና ሌሎቹንም አጽዋማት የሚጾም ገዢ የጾም ኬክ ይጠይቃል። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ ጾም ነው ብሎ መሸጥ ግን ስሕተት ነው፤ የወተት ዱቄት፣ የአጓት ዱቄት ወይም የወተት ቅቤ ያለበት ብዙ ነውና በመጠቅለያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። እንዲሁም በአንዳንድ ክሬም ውስጥ የሚገባው ጄላቲን ከከብት ወይም ከዐሣማ ሊሠራ ስለሚችል፣ ሙስሊም ደንበኛ ከምን እንደ ተሠራ ሲጠይቅ ባለሱቁ በእውነት ሊመልስ ይገባዋል። እነዚህ ነገሮች በምላስ አይታወቁም፤ ስለዚህ በቅምሻው ወረቀት ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው።

የአንድ ኬክ ልዩነት በጽሑፍ መገለጹ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከቪየና ከተማ የተሰማ ታሪክ ያስረዳል። ፍራንዝ ዛኸር እ.ኤ.አ. በ1832 እንደ ሠራው የሚነገርለት የቸኮሌት ቶርታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በስሙ የሚጠራው የዛኸር ሆቴልና ዴሜል የተባለው ኬክ ቤት «እውነተኛው» የሚለው ስም የማን እንደ ሆነ ለብዙ ዓመታት ተካሰሱ፤ ክርክሩ በ1963 ሲያበቃ መብቱ ለሆቴሉ ሆነ። በሁለቱ ቶርታዎች መካከል ያለው የታወቀ ልዩነት፣ የሆቴሉ የአፕሪኮት ማርማላታ ከቸኮሌቱ ሽፋን ሥርም በኬኩ መካከልም ሲገባ፣ የኬክ ቤቱ ግን ከሽፋኑ ሥር ብቻ መሆኑ ነው። ማንም ሰው ቈርጦ ሊያየው የሚችል ልዩነት ይህ ነው። «የእኛው ይጣፍጣል» በሚል ግን ሁለቱም ወገን ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም።

8ኛ፤ ማጠቃለያ

አንዳንድ ነጋዴ ይህ ሁሉ ለጥቂት ካርቶን ቸኮሌት የበዛ ድካም ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ሥራው የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ ጥቂት ሳሕን፣ ለብ ያለ ውሃና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ላይ የተቈጠበ አንድ ሰዓት በኋላ በመጋዘን የታሰረ ገንዘብ ሆኖ ይመለሳል። ትንሹም ባለሱቅ ከጅምላ ሻጩ ከመረከቡ በፊት ከካርቶኑ አንዱን ከፍቶ ገጹን ማየት፣ ስብራቱን መስማትና መቅመስ አያቅተውም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ትእዛዝ ጀምሮ አስመጪው አራት ነገር ቢያደርግ ይበቃዋል። ናሙናውን ስሙንና ዋጋውን ደብቆ ያስቀምስ፤ ነጥቡን ከነምክንያቱ ጽፎ ከውሉ ጋር ያያይዝ፤ ከናሙናው ጥቂቱን አሽጎ ያስቀምጥ፤ ዕቃው ሲደርስ ከመፈረሙ በፊት በዚያው ሰንጠረዥ መልሶ ያስቀምስ። ይህን ያደረገ ነጋዴ ዕቃው ቢበላሽ እንኳ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ለደንበኛውም የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል።